ለሦስት ሰው ሦስት ቦታ

ዲላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ብርዱ ይብስብሻልና ፀሐይ ሳይወጣ ወደ ጓሮ አትውረጂ። ቡናው እንዴት ሆነ፣ ለቃሚ አገኘሽ ወይስ እንዳምናው ራስሽ ቅርጫት ይዘሽ ገባሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደግሞ ጭራሽ አታምኚኝም።

መጀመሪያ ከፖስታው ጋር የላኩልሽን መነጽር አድርጊ። ያው የድሮው ነው፣ የተሰበረውን እግሩን እዚህ አሠራሁልሽ። እስከ ዛሬ የሚመጣልሽን ወረቀት ሁሉ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብልሽ፤ ይህንን ግን ራስሽ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽም ስልክሽን ሁልጊዜ ላውድ ላይ አድርገሽ ስለምታወሪ ነው። ፖስታውን ይዛልሽ የምትመጣው ብሌን የታመነች ልጅ ናት፣ ይርጋጨፌ ለእረፍት ስትመጣ አይተሻታል። ቢሆንም ፕላስተሩ ተነስቶ እንደገና የተለጠፈ መስሎ ከታየሽ ንገሪኝ። ሳቂ እንግዲህ፤ ልጅ ሆኜ ወተት ሳላሸት አልጠጣም ስል ትስቂብኝ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ግን ካንቺ ነው የሰማሁት።

ከፍተኛ የጥበቃ ኦፊሰር ሆንኩ ብዬ የደወልኩልሽ ቀን፣ በዲግሪሽ ዘበኛ ሆንሽ እንዴ ብለሽ ደንግጠሽ ነበር። ዶሎ አዶ ከስደተኞች ጋር አራት ዓመት ስሠራ፣ እዚህም ከቀያቸው ተፈናቅለው እስከ ዛሬ መመለሻ ካጡት ጋር ስሠራ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ጥበቃ የምንለው የተፈናቀለ ሰው እንዳይበደል መጠበቅ ነው፤ ሥራዬ ግን መጠርጠር ነው። ከሰልፉ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ ይህቺ ሴት ጥያቄዬን ስትመልስ ለምን ወደ በሩ ታያለች እያልኩ ነው የምውለው። ደመወዝ የሚከፈለኝ አንቺ ለምትስቂበት ጠባዬ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ስሟን አልጽፍልሽም። የእርዳታውን ስም ዝርዝር የሚይዘው የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሲጠራት ቤቱ ካልሄደች ስሟን እንደሚሰርዘው ነግሯታል። ለምን እንደሚጠራት ለአንቺ ማስረዳት የለብኝም። ሰውየው ሽበቱ የሚከበር፣ ለሽምግልና የሚፈለግ ነው። እዚህ አገር ባድግም የጌዴኡፋ ቋንቋዬ ሙዝ ከመግዛት ስለማያልፍ አስተርጓሚዬ ኤልቤቴል መሀላችን ተቀምጣ አንድ በአንድ ተረጎመችልን። ሴትየዋ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ እሱ እንዳይሰማ። አይሰማም አልኳት። እጇን ይዤ ነው ያልኳት።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ፋይል ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው የሚሰጠው። መንታ ልጆች እንዳሏት እንኳ አልጻፍኩም፤ በዚያ ዝርዝር ላይ መንታ ያላት እናት እሷ ብቻ ናት። በየስልጠናው ቆሜ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ስም አለመጥራት አይበቃም፣ ሰው የሚለይበትን ምልክትም አትናገሩ እላለሁ። አርባ ጊዜ ሳላስተምረው አልቀርም።

በሳምንቱ እሁድ ሰውየው ከቸርች ሲመለስ በሯ ላይ ቆመ። አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም። «ለመንታዎቹ እናት እየተጸለየላት ነው አሉ፤ ምን ቸግሯት ይሆን?» አላት። ከዚያ የልጆቹን ራስ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቿን በሁለት እጇ፣ ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ በጀርባዋ ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። ለኤልቤቴል አንድ ነገር አለቻት። ተርጉሚው እንጂ አልኳት። «እጄን ይዘሽኝ ነበር፣ ነው የምትለው» አለችኝ። እማዬ፣ በሥራዬ ብዙ ከባድ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያሳፈረኝ ግን የለም። በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኳት። የት እንዳለች እኔና የተቀበለቻት ሴት ብቻ ነን የምናውቀው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ለማንም አይስጥ። ነገሩን የምናውቀው ሴትየዋ፣ ኤልቤቴልና እኔ ነን። በመጀመሪያው ሰኞ ሴትየዋን እስከ አስፋልቱ የሸኛትን ሾፌራችንን ቶሌራን ብትጨምሪ አራት። ኤልቤቴል ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ሻይ ስትጠጣ ያየሁበትን ቀን አስታወስኩ። አዲስ ስልክ መያዟንም አሰብኩ። ቶሌራ እኔ መኪና ውስጥ ስገባ ሙዚቃውን ቀነሰ፣ ለምን ቀነሰ አልኩ። በማግስቱ አልቀነሰም፣ ለምን አልቀነሰም አልኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት በተለየ አንግል እያስቀመጥኩ መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ወረቀቱ ዞሮ አገኘሁትና ግማሽ ቀን ሙሉ የጽዳት ሠራተኛዋን በጥያቄ አፋጠጥኳት፤ ለካ መስኮቱ ክፍት ነበር።

አለቃዬ ሀዲጃ ከሐዋሳ መጥታ ሁላችንንም በየተራ ጠየቀችን። ጌዴኡፋ ሰምታ ወደ አማርኛ የምታመጣው ኤልቤቴል ናትና ጥርጣሬው ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። ከሥራ አገደቻት፤ የመጨረሻው ውሳኔ ለፊታችን ሰኞ ተቀጠረ። ምስጢር አወጣች የተባለች አስተርጓሚ በዚህ ከተማ ማን ይቀጥራታል? መታወቂያዋን አስረክባ ስትወጣ የቢሮዬ በር ላይ ቆመችና «እርስዎ ግን ያምኑኛል?» አለችኝ። ኮምፒውተሬን ማየቴን ቀጠልኩ። እንደ ልጄ ነበር የማያት።

አንድ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሰውየው «እየተጸለየላት ነው» ነበር ያለው። ቢሮ ውስጥ የሚጸልይላት የለም፣ ፋይሉም ጸሎት አያውቅም። ያቺን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ሰምቻታለሁ፣ እያወቅኩ ነው ያለፍኳት። ሰው መጠርጠር የማይፈልገውን ቦታ በዓይኑም አይነካውም።

ከዚያ ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ ብታዝኚብኝም እዘኚብኝ። ለሦስት ሰው ሦስት ቦታ ተናገርኩ። ኤልቤቴልን ቤቷ ሄጄ ጠየቅኳትና በወሬ መሀል ሴትየዋ ወናጎ ናት አልኳት። ለቶሌራ ቡሌ ናት አልኩት። ለሦስተኛው ሰው ደግሞ ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ በስልክ፣ ኮንጋ ዘመዶቿ ጋ ናት አልኩ። ሦስቱም ውሸት ነው። ያ ሦስተኛ ሰው ሴትየዋን አይቷት ሳያውቅ ይወዳታል። «ያቺ ምስኪን እንዴት ሆነች፣ ልጆቹስ ይበላሉ?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ለዚያ ሰው በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም።

ወናጎ ማንም አልሄደም። ቡሌም ማንም አልሄደም። ትናንት፣ አርብ ጠዋት፣ ሰውየው በሞተር ኮንጋ ገባ። እዚያ የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ የሆነችው የትምወርቅ ደውላ ነገረችኝ። ቡና ማጠቢያው ጋ ወርዶ፣ ከዲላ የመጣች መንታ ያላት ሴት እያለ ሲጠይቅ አረፈደ አለችኝ። ማንም አላውቅም ሲለው፣ እዚያው አገር ተወልዳ እዚያው ያገባች የመንታ እናት ቤት አንኳክቶ ሴትዮዋን አስደነገጣት። እኔ ኮንጋ ስል ኮንጋም መንታ እንደሚወለድ አላሰብኩም ነበር። ይህም የእኔ ኃጢአት ነው።

እሁድ የተነገረ ነገር አርብ ኮንጋ ሲደርስ በመሀል ያለፈበት ቀን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤትሽ ለጸሎት የምትሰበሰቡትን ሴቶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ አብዛኞቹ አዝለውኛል። እትዬ ጸሐይ ዲላ ለምትኖረው እህቷ በየቀኑ እንደምትደውልም አውቃለሁ። እህቷ ያንኑ የኮሚቴ ሰብሳቢ እንዳገባች ግን ያወቅኩት ትናንት ነው። እትዬ ጸሐይ ክፉ ያሰበች አይመስለኝም። አንቺም ጸልዪላት ብላ ይሆናል። እህቷም ባሏን አንተም ጸልይላት ብላው ይሆናል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሚኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የወጣውም ከእኔ አፍ ነው። ሴትየዋ በመጣች ማግስት ከብዶኝ ደውዬልሽ፣ «መንታ ልጆች ያሏት አንዲት ተፈናቃይ አለች፣ ዝርዝር የያዘ ሰው አስጨንቋታል፣ ጸልዪላት» ያልኩት እኔ ነኝ። ስም አልጠራሁም ብዬ ደግሞ ልቤ ንጹሕ ነበር። ሌላውን ሁሉ ጠርጥሬ የራሴን አፍ ሳልጠረጥር ሃያ ቀን ሞላኝ።

ዛሬ ጠዋት ለሀዲጃ ጻፍኩላት። መረጃው የወጣው ከእኔ ነው፣ ለአንድ ሰው በስልክ ነግሬያለሁ አልኩ። ደወለችና ያ ሰው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አልናገርም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ሰኞ ላፕቶፑንና የካቢኔቱን ቁልፍ አስረክቢ አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። የሴትየዋን ፋይል ሀዲጃ ራሷ ይዛዋለች፤ ሰውየውም ከትናንት ጀምሮ ዝርዝሩን እንዳይነካ ተደርጓል።

ከዚያ ኤልቤቴል ጋ ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ቁሚ ሳትለኝ ግቢ ሳትለኝ አዳመጠችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። የያዘችውን ልብስ ጨምቃ ገመዱ ላይ ጣለችና «እኔም እርስዎን ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እማዬ፣ እትዬ ጸሐይን እንዳትቆጪያት፣ እንዳትጠይቂያትም። ሐሙስ ሲመጡ እንደ ወትሮው በርሽን ክፈቺላቸው። ያቺ ሴትስ እንዴት ሆነች ካሉሽ አላውቅም በይ፤ እውነትሽን ነው፣ አታውቂም። የት እንዳለች እኔንም አትጠይቂኝ። ደህና ናት፣ ልጆቹም ይበላሉ። መጸለዩን ግን አታቁሚ፤ ጓዳ ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ጸልዪላት። ጌታ ያውቃታል። መንታ እንዳላት ሳትነግሪውም ያውቃል።

ማክሰኞ እመጣለሁ። ሻንጣ ይዤ ስለምመጣ ክፍሌ ውስጥ ያሰጣሽው ቡና ካለ አንሺልኝ። ስገባ ስለዚህ ነገር ምንም አታንሺብኝ፣ እኔም አላነሳብሽም። ለቀማው ካላለቀ ቅርጫቱን እኔ እይዛለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽ ከሰው አይጉደል፣ እርጅናሽም ያለ ሐዘን ይለፍ። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው፤ መነጽሩን ግን አስቀምጪው።

አሁንም የምወድሽ፣
ልጅሽ