የጾም ቢላሽን ሳልሁት

አስካለዬ፣

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መጻጻፍ የሥራ ፈት ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ፤ ለሌላ ሰው የምናገረው ደግሞ አይደለም።

ፓርክላንድስ ያለው ምግብ ቤታችን ዛሬም ይሠራል። ሥጋውን የምቆርጠው አሁንም እኔ ነኝ። ቢላዎቼን ማንም አይስልልኝም፤ ሥራ ስጨርስም እንደ ድሮው ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዣቸው እመጣለሁ። የናይሮቢ ብርድ ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል። ሠራተኞቹ በስዋሂሊያቸው «ምዜ ካሊ» ማለታቸውን አልተዉም፤ «ምዜ» ሽማግሌ ማለት ነው። «ካሊ»ን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ደብተሬ ላይ «ካሊ ማለት ስለታም» ብዬ እንደ ጻፍሁ ታስታውሻለሽ። ከዚያ ፀሐዩም ካሊ፣ ሚጥሚጣውም ካሊ፣ አስተማሪውም ካሊ ሆነብኝ። በየግቢው በር ላይ «ምብዋ ካሊ»፣ ኃይለኛ ውሻ አለ፣ ተብሎ የተጻፈውን ያነበብሁልሽ ዕለት፣ «ስምህን በየበሩ ለጥፈውልሃል» ብለሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

ስለታም መሆን ነውር ነው ብዬ አላምንም ነበርና። እጅ የሚቆርጠው ዱልዱም ቢላ ነው፤ ይንሸራተታል። የተሳለው ግን የታዘዘውን ብቻ ይቆርጣል። ሰውም እንዲሁ ነው እል ነበር። አእምሮው የተሳለ አይታለልም፣ ዓይኑ የተሳለ አይሰረቅም፣ ንግግሩ የተሳለ ሁለት ጊዜ አይናገርም። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ ለቅሜ እዚህ የደረስሁት በዚህ ነው። አንቺ ግን፣ «ቢላስ ሰገባ አለው፤ ያንተ ምላስ ምን አለው?» ትይኝ ነበር።

አርባሽ በፍልሰታ ጾም ዋለ። ልጃችን ምስራቅ ኢምባካሲ ካለው የጭነት መጋዘን ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ቀን ሙሉ ለተዝካርሽ ደፋ ቀና ስትል ነበር። እንግዶቹ ተቀምጠው ሳለ ማድ ቤት ገባሁ። ለምስር ወጡ ሽንኩርት የከተፈችው በእኔ የሥጋ ቢላ ኖሯል፤ መክተፊያው ላይ አገኘሁት። በቤታችን የጾም ዕቃና የፍስክ ዕቃ ተገናኝቶ አያውቅም። አንቺ የጾም ቢላሽ እንዳይቀላቀልብሽ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረሽበት ነበር። ለምን በእኔ ቢላ እንደ ከተፈች አልጠየቅኋትም። ድስቱን እንዳለ አንስቼ በእንግዶቹ ፊት አልፌ ውጭ ደፋሁት። «እናትሽ የሞተችው ገና ዛሬ ነው» አልኋት።

አላለቀሰችም። የአንቺን ቢላ ከመሳቢያው አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። «ይኸው የእማዬ ቢላ፣ አባዬ። ሞክረው፤ ቲማቲም እንኳ አይቆርጥም። ዕድሜ ልክህን ቢላ ስትስል የኖርክ ሰውዬ፣ የእሷን አንድ ቀን ስለህላት ታውቃለህ?» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም።

ወራት ሙሉ ያጠፋችው እሷ ናት አልሁ። የማኅበራችን ሰዎች ሽማግሌ እንላክ ቢሉኝ፣ «ሽማግሌ ከፈለግሁ መስታወት አለኝ» ብዬ መለስኋቸው። ቤተ ክርስቲያን እሷ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች በር እንገባለን፤ እንወጣለን።

ባለፈው ሳምንት ግን ሙት ዓመትሽ የሰኔ ጾም ላይ እንደሚውል ሳሰላ፣ ዳግመኛ የጾም ወጥ ሊሠራልሽ ነው፣ ማን ይሠራዋል ብዬ መሳቢያውን ከፈትሁ። ቢላሽ መሐሉ ተበልቶ ጎብጧል። ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ «ያንተን ስትጨርስ የእኔንም ሳልልኝ» ብለሽኝ ነበር። «ለሽንኩርት ምን ስለት ያስፈልገዋል?» አልሁሽ። ደግመሽ አልጠየቅሽኝም። በሲኒ ቂጥ ስታፋጪው እሰማ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሳሎን ሆኜ እሰማ ነበር።

እንደ ሥጋ ቢላ በሞረድ ልስለው ብጀምር ብረቱ ሊሰበር ሆነ። ሞረዱን ትቼ በለስላሳ ድንጋይ፣ በውኃ፣ በቀስታ ሳልሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ቅዳሜ በጋዜጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ኢምባካሲ ወረድሁ። በሩን የከፈተችው የልጅ ልጃችን ናት፤ «ማሚ፣ ኢትስ አባባ!» ብላ ጮኸች። ምስራቅ እጇን እየጠረገች መጣች።

«በምን መጣህ?»

«በማታቱ።»

«አንተ? በማታቱ? ሙዚቃውንስ አስጠፋሃቸው?»

«ጠየቅሁ። ጨመሩት።»

ልትስቅ ነበር፤ ዋጠችው። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ጠብ ያመጣል ትይ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ድስቱን መድፋት አልነበረብኝም። ቢላውንም ያደነዘዝሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ይህን የሚያህል ቃል ለአንቺ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ስለቱን በጥፍሯ ሞከረችው። ከዚያ ልጅቷ እንዳትደርስበት ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችውና ዞረችብኝ። «ሙት ዓመቷ እዚህ፣ እኔ ቤት ነው። ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ። አንተ ማድ ቤት አትገባም። የቀረበልህን ትበላለህ፤ ትንፍሽ አትልም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። እሺ አልሁ። አንቺ ብትኖሪ እሺ ስል ሰምተሽ ሐኪም ይጠራ ትይ ነበር።

አስካለዬ፣ ስምሽን በየቅዳሴው አስጠራለሁ፤ ያ ግዴታዬ ነው፣ እንደ ውለታ አልቆጥረውም። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። በሙት ዓመትሽ ቀን ልጃችን ቤት ከእንግዶቹ መሐል እቀመጣለሁ። ጨው ቢበዛበትም፣ በርበሬው ቢያንስም፣ ያቀረበችልኝን ጨርሼ እበላለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን አብልተሽኝ አንድ ቀን ያላልሁሽን፣ «እጅሽ ይባረክ» እላታለሁ። ትንፍሽ አትበል ያለችኝን የማፈርሰው ለዚህ ብቻ ይሁን። ስናገር አንቺም ስሚኝ፤ ለሁለታችሁ ነው።