ጠግባለች

ጥቅምት 6
ይርጋነሽ ከሞጣ ደወለች። «ቅዳሜ ነይ፤ የምነግርሽ አለ፣ በስልክ አይሆንም» አለችኝ። ከወለደች ወዲህ አላየኋትም። ልሄድ ልሄድ እያልኩ... ትምህርት ተከፈተ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር አደረጉኝ፣ ስብሰባው መፈናፈኛ አሳጣኝ። ታውቃለች እሷም።
«ቤት ነይ፣ አማቴ ዶሮ ትሠራልሻለች» ብትለኝ፣ አራስ ቤት ጠያቂ ይበዛል፣ ሆቴል ይሻለናል አልኳት። እያቅማማች እሺ አለች። ለሕፃኗ ልብስ ልግዛ... ነገ።

ጥቅምት 7
ልብሱን አልገዛሁም። ቀኑን ሙሉ ወረዳ ስብሰባ።

ጥቅምት 8
ተናድጃለሁ። ከሞጣ ቢቸና ድረስ ስናደድ መጣሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም።
ሲጀመር ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ልቀይር ብሎ አስረፈደኝ። ስደርስ ይርጋነሽ አዲሱ ሆቴል ፎቅ ላይ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች። ሕፃኗን ለአማቷ ትታ መምጣቷ ነው። አስተናጋጇ መጣችና «ማዘር፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። ማዘር? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።
ዘልዘል ጥብስ አዘዝን። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። እየጮህኩም ቢሆን ስለ ሥራዬ ነገርኳት። ስለ ቢሮው፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ ምቀኝነት፣ ማኅተሙ እኔ ጋ ስለመሆኑ። «ሰጊ፣ እኔ እኮ የጠራሁሽ...» ስትል ስልኬ ጮኸ። ወረዳ ነው፤ ካላነሳሁ ያኮርፋሉ። ደረጃው ላይ ቆሜ አወራሁ። ስመለስ «የሕፃኗን ነገር...» ብላ ጀመረች። ትደግ ትመንደግ አልኳትና የመምህራኑን ድልድል ቀጠልኩላት። መሃል ላይ ነበርኩ፣ መጨረስ ነበረብኝ።
አስተናጋጇ መጥታ «ይነሳ?» አለች። ትሪው ላይ ግማሹ አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ይርጋነሽ ምን ብትላት ጥሩ ነው?
«አንሺው፤ እሷ ጠግባለች።»
ጠግባለች። ልጅቷ አየችኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትሪውን አንስታ እየሳቀች ሄደች።
ሌላ ሰው ቢላት ጥብሱን ነው ብዬ ባለፍኩ። ይርጋነሽ ግን የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ ናት። ቅኔ ቤት ጓሮ ያደገች ሴት ቃል አያመልጣትም። ሆዴን ማለቷ ከሆነ ለምን እንደዚያ ጎተተችው? ተሾመችና ጠገበች ነው ያለችኝ። በሰው ፊት። ለአስተናጋጅ!
ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። «ሰጊ፣ ቁጭ በይ፣ ሳልነግርሽ አትሂጂ» እያለች እስከ ታች ተከተለችኝ። ዞሬም አላየኋት።

ጥቅምት 10
ዓይኗን በጨው ታጥባ ትደውላለች። አላነሳሁም።

ጥቅምት 14
ዛሬ መምህራን ክበብ ወይንእሸት «ብይ እንጂ» አለችኝ። ጠግቤያለሁ ልል ስል ቃሉን ተውኩትና «ይበቃኛል» አልኩ። ይኸው፣ ተራ ቃል እንኳ ቀማችኝ።

ጥቅምት 25
መልእክት ላከች። «ሰጊ፣ ስልክ አንሺ። ቀኑ እየደረሰ ነው።» የምን ቀን? ይቅርታ ከሆነ ይቅርታ ብላ አትጽፍም? አጠፋሁት።

ኅዳር 1
መደወል አቆመች። እንዲህ ናት ለካ... አንድ ወር እንኳ አልለመነችኝም።

ኅዳር 11
አባቷን መሪጌታን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።
«ምነው ልጄ፣ ከክርስትናው ቀረሽ?»
«የምን ክርስትና፣ የኔታ?»
«የይርጋነሽ ልጅ ክርስትና ነዋ። እሑድ ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ክርስትና የምታነሺያት አንቺ ነበርሽ። ይህንኑ ልትነግርሽ አይደል ሆቴል ድረስ የወጣችው? ብትደውል አታነሺም አሉ። ቀን አይገፋ ነገር... ጎረቤቷ ዘርፈሽ ታቅፋ ገባች።»
ደሜ ፈላ። በማን እንደፈላ እንጃ። «የኔታ፣ ልጅዎ በሰው ፊት ጠግባለች ብላ ሰድባኝ እኮ ነው» አልኳቸው።
መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ።
«ጠግበሽ አልነበር?»
የትኛውን ማለትዎ ነው ብዬ ሳልጠይቃቸው ጉልበታቸውን ስሜ ሄድኩ።

ኅዳር 12
ዘርፈሽ! ትናንት የተዋወቀቻት የግንብ ጎረቤት። እኔና ይርጋነሽ አንድ ወንበር ላይ ስንማር ጀምሮ «የመጀመሪያ ልጅሽን እኔ ነኝ የማነሳት» ተባብለናል። ክርስትና እናት ደግሞ አትቀየርም። ምን አለ በጽሑፍ ብትነግረኝ? ... እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ይነገራል እንዴ?

ኅዳር 14
ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል። ሳልደውል ሞጣ ሄድኩ። ልብሱንም ገዛሁ።
በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። «ዛሬ ስብሰባ የለም?» አለችኝ።
«ዘርፈሽን?» አልኳት፣ ገና ደጃፍ ላይ ቆሜ።
«ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ስልክ እስክታነሺ ልጄ ሳትጠመቅ ትደግ?»
«የዚያን ቀን የትኛውን ነው ያልሽኝ? ቁርጡን ንገሪኝ።»
«ጎጃም ተወልደሽ አንዱን ትጠይቂኛለሽ? ሁለቱንም ነዋ።»
ተናደድኩ። እሷ ግን ሕፃኗን አስታቅፋኝ ወደ ጓዳ ገባች። ልብሱን በራሷ ላስገባ ብሞክር እምቢ አለ። ጠቧታል። እኔ የገዛሁት ያኔ ይበቃት የነበረውን ነው።
ማዕድ ሲቀርብ ዘርፈሽ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷንም ከእቅፌ ወሰደችብኝ። «ልጄን» እያለች። መብቷ ነው። አንጀቴ ግን አሯል፣ አልዋሽም።
ዶሮውን በላን። አንድ ጊዜ ይርጋነሽ አጎረሰችኝ፣ አንድ ጊዜ እኔ። ትንሽ ሲቀር እጇን ወደ ትሪው ዘረጋች።
«ላንሳው? ጠገብሽ?»
ዘርፈሽ ምኑንም አላወቀች። ይርጋነሽ ግን ዓይኔን ታያለች።
«አልጠገብኩም» አልኳት።
ሳቀችና ሌላ እንጀራ ዘረጋችልኝ። ሆዴ ሊፈነዳ ነበር። በላሁት።