የደንገል ዳር የመጨረሻው ሊቀ መንበር፣ የአቶ አዛናው ገበያው የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ አዛናው ገበያው ከአባታቸው ከአቶ ገበያው በላቸውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውባንቺ ያየህ በ1941 ዓ.ም. በፎገራ ደንገል ዳር ቀበሌ ተወለዱ። ቀበሌው ዛሬ በመዝገብ የለም። እሳቸው ግን ወረታ ከተማ በየቢሮው የትውልድ ቦታቸውን በተጠየቁ ቁጥር «ደንገል ዳር፤ በምዕራብ ጣና፣ በሰሜን ርብ» እያሉ ድንበሩን ሳይጨርሱ አይመለሱም ነበር። ጸሐፊዎቹ ይሰለቹ፣ እኛም እናፍር ነበር።

በልጅነታቸው ጣራ ገዳም ዳዊት ደገሙ። በ1963 ዓ.ም. ወ/ሮ አማከለች ዓለምነህን በተክሊል አግብተው አምስት ልጆች አፈሩ። ጤፍና ጓያ፣ በኋላም ሩዝ እያረሱ፣ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በሊቀ መንበርነት አገለገሉ። ሁለተኛ ልጃቸው ማስተዋል በ1977 ዓ.ም. በስድስት ዓመቷ በወባ ዐርፋ ደንገል ዳር ገብርኤል ተቀብራ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ቀበሌውን ዋጠው። ሕዝቡ ታቦቱን ይዞ ወደ ከፍታው ወጣ፤ በበጋው የሙታኑን አጽም ማፍለስ ተጀመረ። ተራ የሚያወጡት አባታችን ነበሩ። ለራሱ አደላ እንዳይባሉ ማስተዋልን ከሁሉም መጨረሻ ጻፏት። ተራዋ ሳይደርስ ዝናቡ ጣለ፤ ወንዙም አቅጣጫውን ቀይሮ በመቃብሩ ላይ ተኛ። በ2000 ዓ.ም. ቀበሌው ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጀምር «ልጅቱ ውኃ ውስጥ ናት» እያሉ ከተቀመጡበት ይነሡ ነበር። በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል በታንኳ መቃብሩን የዋጠው ረግረግ መሀል ገብተው ስሟን ይጠራሉ፤ ከዚያ ያዳምጣሉ። ፊታቸውን ላየ መልስ የሰሙ ይመስል ነበር። ፈርተን አብረናቸው መሄድ ተውን። ይህን ዛሬ በሬሳቸው ፊት እንናዘዛለን።

ዘንድሮ በግንቦት ረግረጉ ደረቀ። አባታችን በኩላሊት ሕመም ተዳክመው ስለነበር በቃሬዛ ወሰድናቸው። የገብርኤሉ አገልጋይ ቄስ ገብረ ሐና ባሉበት የጥንቱን መቃብር ቦታ ቆፍረን የአንድ ሕፃን አጽም አገኘን። እናታችን ማስተዋል ከዋንዛ ዛፍ ሥር መቀበሯን ያስታውሳሉ፤ ዋንዛው ግን የለም። አባታችን አጽሙን ለረጅም ጊዜ አይተው «እንጃ» አሉ። ቀጥለውም «የማንም ይሁን፣ የእኛው ሰው ነው። ከእኔ ጋር ይቀበር» ሲሉ አዘዙ። አጽሙም በሣጥን ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ቆየ።

አባታችን ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችንና አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን ትተዋል።

የእያንዳንዱን መቃብር የሚያውቅ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ውኃ ውስጥ የቀሩትንም ያስብልን። ዛሬ ትንሹ ሣጥን ከጎናቸው ይገባል። ማስተዋል ከሆነች ከአባቷ ጋር ትተኛለች። ካልሆነች ገና እዚያው ናት፤ ፍለጋውም ከእንግዲህ የእኛ ነው።