በመኪናዎ ዙሪያ ስለሮጠችው ልጄ

ለተከበሩ የዕጩ መኮንኖች የነፃ ትምህርት ዕድል ምልመላ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ከግቢው በር እስከ ቢሮዎ ያለችው መቶ እርምጃ እንደምትከብድዎ ባለፈው ሐሙስ በዓይኔ አይቼ አዝኛለሁ። እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ሁለት ልጆች በልብስ ስፌት ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ቢሮዎ ለመግባት ቀጠሮ፣ ቀጠሮ ለመያዝም ቢሮዎ መግባት ስለሚያስፈልግ፣ በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሿ ልጄ ሐሙስ ዕለት በሜዳችሁ የአካል ብቃት ፈተና ወስዳ፣ በሩጫው በሃያ ሰከንድ ዘግይታ ወደቀች ተባለች። በሚመጣው ዓመት ዕድሜዋ ከገደባችሁ ያልፋል፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ደግሞ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መዘጋጃ መመሪያችሁ አመሰግናለሁ። «ተፈታኞች ምቹ በሆነ ሜዳ ይለማመዱ» ይላል። በአካባቢያችን ያለው ሜዳ የእናንተው ብቻ ስለሆነና እሱም ለልምምድ ስለማይከፈት፣ ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ የአራት ፎቅ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ እግሯን ከስፌት መኪናዬ ብረት ሥር ሰክታ ከወገቧ ስትነሣና ስትተኛ ከረመች። የሕንጻችን ዘበኛ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ምን ሰርቃ ነው ጠዋት ጠዋት የምትሮጠው?» ሲል፣ እሷ «ገና ልሰርቅ ነው ጋሼ፣ እግሬን እያሟሟቅሁ ነው» ትለው ነበር።

2ኛ. ስለ ፈታኞቻችሁ። ልጄ አርባ ፑሽ አፕ ሠርታ ሠላሳ ስምንት ተቆጠረላት። ቆጣሪው በስልክ እያወራ ስለነበር ሁለቱን ለወሬው መርቄለታለሁ፤ ማለፊያው ሠላሳ አምስት ነውና አልተጎዳንም።

3ኛ. ስለ ሩጫው። መመሪያችሁ አንድ ዙር አራት መቶ ሜትር፣ ስድስት ዙር፣ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። ሐሙስ ዕለት እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። በሜዳው ዙሪያ በነጭ ቀለም የተሠመረው መሮጫ ላይ የክቡርነትዎና የባልደረቦችዎ መኪኖች ተደርድረው ስለነበር፣ ፈታኞቹ ለአለቆቻቸው ካላቸው አክብሮት የተነሣ መኪና አስነሡ ከማለት ከመኪኖቹ ኋላ፣ በውጭ በኩል፣ በጠመኔ አዲስ መስመር አሠመሩ፤ ልጆቹም በዚያ ሮጡ። ልጄ ስትወጣ «እማዬ፣ ሩጫው ረዘመብኝ እንጂ እኔስ አልደከመኝም» አለችኝ። የተሸነፈ ሰው ወሬ መሰለኝ። ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ጠመኔና ሜትር የእኔም እንጀራ ናቸውና እሑድ የጥበቃውን ሰው ለምኜ ገባሁ። የጠመኔውን መስመር በተንበረከከ ጉልበቴ፣ ባለ አንድ ተኩል ሜትሯን የስፌት ሜትሬን እየዘረጋሁ ለካሁት። ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት ጊዜ ዘረጋኋት። አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ሜትር ሆነ። ጠባቂው ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ «እናቴ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ቢለኝ፣ «ኧረ ምንም አልጠፋብኝ፣ ትርፍ ነው ያገኘሁት» አልኩት። ነጩንም መስመር ለካሁ፤ ልክ አራት መቶ ነው፤ የቀባው ሰው እጁ ይባረክ።

እንግዲህ ልጄ በስድስት ዙር ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሜትር ጨምራ ሮጣ የዘገየችው ሃያ ሰከንድ ነው። ከእሷ ጋር ዐሥራ አንድ ልጆች ወድቀዋል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው ለካስ ለእኛ ለልብስ ሰፊዎች ብቻ ኖሯል።

4ኛ. ይህኛው ክስ በእናንተ ላይ አይደለም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ትልቁ ልጄ ለዚሁ ፈተና ተጠርቶ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ወረቀቱ ወፍራምና ንጹሕ ስለነበር የኮሌታ ልክ ማውጫ ቅድ ቆረጥሁበት። ልጄ መጥቶ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ሲያነበው ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። «ተይው እማዬ» ብሎኝ ወጣ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ቅድ ከምቆርጥባቸው ጋዜጦች ላይ ፊደል መቁጠር የጀመርሁት በዚያው ሰሞን ነው። የእሱን ዕድል ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልከስም። የእኅቱን ግን አንብቤም ለክቼም ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

የምለምነው ሞገስ አይደለም። ከዓርብ በፊት መኪኖቹ ይነሡና ልጆቹ በነጩ መስመር ይሩጡ። ያኔ ከወደቀች፣ ወደቀች።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎም ጥላ ያለው ማቆሚያ እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዬን ከአክብሮት ጋር እዚህ ላይ እቋጫለሁ።

የተፈታኟ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ሜትሬን ከተጠራጠሩ ረቡዕ ጠዋት ከግቢዎ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። በጠመኔው መስመር አንድ ዙር ብቻ አብረን በእግር እንሄዳለን፤ ሰዓት የምትይዘው ልጄ ናት። ቢደክምዎ ግድ የለም፣ መሐል ላይ ቁጭ ብለው ማረፍ ይችላሉ፤ እኛ በሃያ ሰከንድ ሰው አንጥልም።