ለእያንዳንዱ በተን ስም

ሰኞ

አሁንም ሰረዘው። «ትዕዛዝ ላክ» የሚለውን እንዲጫን የጻፍኩት ፕሮግራም ሄዶ «ትዕዛዝ ሰርዝ»ን ተጫነ። ደግነቱ የሙከራ ገጽ ነው፤ መድኃኒት የቀረበት ሰው የለም። ሥራዬ ይኼው ነው፦ ፋርማሲዎች መድኃኒት የሚያዙበትን ገጽ በሰው ፋንታ እየነካካ የሚሞክር ፕሮግራም መጻፍ። አዲስ አበባ ሆነው ገጹን የሚሠሩት ልጆች አንድ በተን፣ የሚጫን ቁልፍ ማለት ነው፣ ጨምረዋል። የእኔው ፕሮግራም ደግሞ «ከላይ ሦስተኛው» ብሎ ነው የሚፈልገው። ሦስተኛው ሌላ ሆኗል።

አለቃዬ ሰብለ ደወለች። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ቢሮ ተመልሰሽ እዚሁ አጠገባችን ብትሠሪው ይሻላል» አለች። ክፋት የላትም። ለጌታቸው አልነገርኩትም። ከተጋባን ገና ነው፤ እሱ ወዳለበት ፎገራ መጥቼ ከቤት ነው የምሠራው። እሱ የሰብል ባለሙያ ነው፤ የፎገራን ሩዝ ትቶ የትም አይሄድም። እኔም እሱን ትቼ መሄድ አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ጉም። ሜዳው ጠፍቷል፤ ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ላሞች ውሃው ውስጥ ቆመው የሆነ ነገር የረሱ ይመስላሉ። ሥራ ትቼ ሳያቸው ሻዬ በረደ።

ከሰዓት በቦታው መፈለጉን ትቼ በተኑ ላይ በተጻፈው ቃል እንዲፈልግ አደረግኩት። ሠራ! ብቻዬን ጨፈርኩ። ወዲያው «ላክ» የሚለውን ወደ «እዘዝ» ቀየሩት። ፕሮግራሜ ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ኔትወርኩም ሄደ። ተኛሁ።

ረቡዕ

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ሩዝ ልገዛ ጉሊት ወጣሁ። ደንበኛዬ ሁልጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ሰማያዊ ላስቲክ ሥር ነው የምትቀመጠው። ዝናብ ስለነበር ነጠላዬን ተከናንቤ ላስቲኩ ሥር ገባሁና «ሕፃኑ ትኩሳቱ ለቀቀው?» አልኩ።

«የማን ሕፃን? እኔ መቸ ወለድሁ?» አለችኝ አንዲት የማላውቃት ሴት።

ደንበኛዬ ቦታዋ ውሃ ስለገባበት ላስቲኩን ለጎረቤቷ ትታ ከመንገዱ ማዶ ተሻግራለች። ከዚያ ሆና ትስቅብኛለች። «ላስቲኩን እንጅ እኔንማ መች ታውቂኛለሽ። ስሜንስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» እውነቷን ነው፤ አፈርኩ። ይታይሽ ትባላለች። ልጇም ተሽሎታል።

ስመለስ መንገድ መሃል ቆሜ ቀረሁ፤ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋብኝ። ፕሮግራሜ እኔን ነው የሚመስለው። በቦታ ይፈልጋል፣ በመልክ ይፈልጋል። ለበተኖቹ ስም የሰጠ ግን የለም።

ሐሙስ

ገጹን ለሚሠራው ለዳዊት ደወልኩ። ለእያንዳንዱ በተን ከኋላ፣ ኮዱ ውስጥ፣ ስም ስጥልኝ አልኩት፤ ቦታውም ጽሑፉም ቢቀየር የማይቀየር።

«ለማንም የማይታይ ስም?»

«ለፕሮግራሜ ይታያል።»

«ስንቱን ልሰይም፣ እባክሽ? ሥራ አለብኝ እኮ።»

አልቻልኩም፤ እውነቱን ነገርኩት። ይኼ ካልሆነ ባሌን ትቼ መመለሴ ነው አልኩ። «መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር?» አለ።

ከሰዓት በተኖቹን ሰይሞ ላከልኝ። ስሞቹን እያየሁ ፈዝዤ ቆየሁ፤ ሁሉም ክርስትና የተነሡ ይመስላሉ። የማረጋገጫውን በተን ግን ሳይሰይም ረስቶታል። መልሼ ለመንኩት፤ ሰየመልኝ። ልመና ለመድኩ መሰለኝ።

ዓርብ

ሰብለ ልትፈትነኝ ሳትነግረኝ ገጹን አገላብጣዋለች፤ ላይ የነበረው ታች፣ ቃሉም ሌላ። ፕሮግራሜን ለቀቅኩትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አረንጓዴ ነው፤ አልፏል ማለት ነው። ደገምኩት፤ አረንጓዴ። ከዚያ ውጤቱን ለሰብለ እንደላክኩ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። መልእክቷ የገባው ዝናቡ ሲያባራ ነው፦ «እዚያው ሁኚ። የሚቀጥለውን ገጽ ሰኞ እልክልሻለሁ።»

ጌታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቦት ጫማ ሲያወልቅ ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኩት።

«ብትሄጅ ኖሮ እኔም ሩዙን ትቼ እከተልሽ ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቁጭ ብዬ ሌላኛውን ቦት ጫማ አወለቅኩለት።