አውቀህ የረሳሃቸው ቃላት

ውድ ወንድሜ ዴቮንቴ፣

ዛሬ ጠዋት በበርህ ሳልፍ እንዳልቀሰቅስህ ብዬ በእግሬ ጣት ሄድኩ። ወፍራሙን መጋረጃ ማንም አልከፈተብህም፤ ብርሃን እንደሚያምህ እናውቃለን። ጫማህንም ከደጅ አላነሳነውም። የቀበርንህ ቅዳሜ ነው።

ፓስተሩ በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ስድስት የውድድር ዘመን ተጫውተሃል፣ ኳስ አቅፈህ አራት ሺህ ያርድ ሮጠሃል ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። ቀብር ላይ ይጨበጨባል? ላንተ አጨበጨቡ። በሃያ ሰባት ዓመትህ የክለብህ ሰዎች “ፍጥነትህ ቀንሷል” ብለው በስልክ እንዳሰናበቱህ ግን ማንም አላነሳም። ሁለት ሻንጣና የማይታጠፍ ጉልበት ይዘህ እንደመጣህም አላነሱም።

ከቀብር መልስ፣ ምሳው ላይ፣ የትምህርት ቤታችን አሠልጣኝ ኮች ቦይኪን የተጠበሰ ዶሮ በሳህን እንደያዘ ትከሻዬን ጨበጠኝ።

“የወንድምህ ሃያ ስምንት ቁጥር ማሊያ ከእንግዲህ ያንተ ነው፣ ታይሪ። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።”

“እሺ፣ ኮች።”

“ሰኞ ጠዋት የጭንቅላት ፈተናው አለ። መቼም እንዴት እንደሚሠራ ወንድምህ ሳያስተምርህ አልቀረም” ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

አስተምረኸኛል። የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ነርሷ አሥር ቃላት ታነባለች፤ የምታስታውሰውን ትናገራለህ፤ ውጤትህ ይመዘገባል። ሜዳ ላይ ጭንቅላትህን ስትመታ እንደገና ትጠየቃለህ፤ ከፊተኛው ካነሰ ትወጣለህ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አውቀህ ትረሳለህ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጠን መርሳት እናጠና ነበር። ስንጀምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

“ክርን፣ ጃንጥላ፣ ኮርቻ፣ ሎሚ...” ብዬ አነባለሁ።

“ክርን...” ትላለህ ራስህን እያከክ፤ “ሁለተኛዋ ስሟ ማን ነበር? ቆንጆዋ?”

ከወንበር እስክወድቅ እስቃለሁ።

“አራት ይበቃል፣ ጩጬ። ዘጠኝ ያለ ጎበዝ በመጀመሪያው ምት ቤቱ ይገባል።”

ባለፈው ግንቦት ደግሞ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ “እስቲ ቃላቱን አንብብልኝ” አልከኝ። አነበብኩ። ሁለት አልክ።

“ሙያህን አልረሳህም!” ብዬ ሳቅኩ።

“ድገመው።”

ደገምኩ። አንድ አልክ። እኔ አሁንም እስቃለሁ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታኸው።

“እየቀለድኩ አይደለም፣ ታይሪ!”

በስሜ ጠርተኸኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ “ለእማ እንዳትነግራት” አልክ። አልነገርኳትም።

ከዚያ በሁለተኛው ወር እማን ከምትሠራበት ዓሣ ፋብሪካ ልታመጣት በጠራራ ፀሐይ ወጣህ። መኪናህን ያገኙት ከፋብሪካው መታጠፊያ አርባ ማይል አልፎ፣ ድልድይ ሥር ተከስክሳ ነው። እማ ቤት የገባውን ሁሉ “ወዴት እየሄደ ነበር?” እያለች ትጠይቃለች። ሴት ጋ ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ አውቃለሁ፤ ፋብሪካውን እየፈለግክ ነበር።

የእኔንም የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ሚያዝያ ላይ በልምምድ ሁለት ጊዜ ተመታሁ። በሁለተኛው ከአውቶቡሱ ጀርባ አስመለሰኝ፤ ልብሴን የቆለፍኩበት ሳጥንም የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። ስነግርህ “ያልፋል” አልከኝ። ከዚያ ፊትህን አዙረህ አለቀስክ። ዴቮንቴ፣ የቱን ልመንህ? ቁጥርህን ለብሼ ካልሮጥኩ ከዚህ ከተማ የሚያወጣኝ የለም። ከሮጥኩ ደግሞ ያንተን መጋረጃ እወርሳለሁ። ቅዳሜንና እሑድን በዚህ ሐሳብ ሳልተኛ አለፍኩ።

ዛሬ አክስቶቻችን ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እማም ሥራ ገባች። ብቻዬን ቀረሁ። የበቆሎ ገንፎ ሠራሁ፤ ለሁለት ሰው አብዝቼው ቆሜ በላሁና ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ልጆቹ ነርሷ ክፍል በር ላይ ተሰልፈዋል።

“ስንት ልትል ነው?” አለኝ ኮርዴል፣ ኳስ ይዤ ስሮጥ ከፊቴ የሚከላከልልኝ ግዙፉ ልጅ። “እኔ ሦስት እላለሁ።”

“አንተማ ሳታጭበረብርም ሦስት ነህ” አለው ከኋላው ያለው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔንም አሳቀኝ።

ነርሷ አነበበች። ቃል በቃል አጥብቄ ሰማሁ። አንዱንም ልደብቅ አልፈለግኩም። ስድስት አልኩ። አራቱን ፈለግኳቸው፣ ፈለግኳቸው፣ የሉም።

“ጥሩ፣ ይበቃል” አለች፤ ሌሎቹ ከሚሉት በልጧላ። ወረቀቱን ልትገለብጥ ስትል እጇን ያዝኩት። የሚያዝያውን ሁለት ምት ነገርኳት፤ ማስመለሴንም፣ የሳጥኑንም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኮች በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰምቶ ሄደ።

“ለእናትህ መደወል አለብኝ፣ የኔ ልጅ” አለች።

“እኔ ልንገራት” አልኳት።

ስልኩን ያነሳው የፋብሪካው አለቃ እማን እስኪጠራት ብዙ ቆየ። ስትመጣ ከኋላዋ ማሽኑ ይጮሃል።

“ታይሪ? አንተ ደግሞ ምን ሆንክብኝ?”

ከግንቦቱ፣ እንዳልነግራት ካልከኝ፣ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

ታናሽህ፣
ታይሪ