ከግድቡ ሥር የወጣው ፊሽካ

ልጄ፣ የምትረግጠው መሬት ይጽናልህ። እኛ ደህና ነን። የአክስትህ ጉልበት ተሽሏታል። ይህን ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚልክልህ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ኮትህን አሳጥሮ ራሱ ለብሶታል። ሰው ሐይቁ ላይ በጀልባ ይንሸራሸራል፤ አባትህም እንደ ድሮው የአፈር ግድቡን ይጠብቃል።

ስትሄድ ግድቡ ላይ የተከለልህ ዛፍ አምና ደርቆ ተቆረጠ፤ ሥሩ ግን እዚያው ውስጥ በሰበሰ። ሰሞኑን ከጉቶው በታች፣ ሐይቁ በሌለበት በደረቁ በኩል፣ ውሃ ይመነጫል። ትናንት ከውሃው ጋር ምን ወጣ መሰለህ? ልጅ ሆነህ ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ የጣልከው የአባትህ ቀይ ፊሽካ! የጥርስህ ምልክት እንኳ አለበት። አባትህ እየሳቀ ነፋው፤ ጮኸ። እኔ ክው አልኩ።

«በምን አልፎ መጣ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ደግሞ! ውሃው ካልደፈረሰ አያሰጋም» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደፈረሰ። ስነግረው «ዝናብ ነው» አለ። ዝናብ ካየን ግን ከርመናል።

እባክህ ደውልለትና ከግድቡ ግርጌ ካለው ጥበቃ ቤት ወጥቶ ኮረብታው ላይ አክስትህ ዘንድ እንዲያድር ለምነው፤ አንተን እምቢ አይልም። አምላክ ካለህበት አይንቀልህ። ቶሎ በል ልጄ፣ እኔ እንደሆነ እሱን ጥዬ አልወጣም።

እናትህ